የካውቦዮቹ ቅሬ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ላሊበላ ባረፍኩበት ሆቴል ምግብ ቤት ውስጥ፣ አንድ የቆየ የካውቦይ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። ሽፍቶች የሚዘርፏቸው ገበሬዎች ታጣቂዎች ይቀጥራሉ። ታጣቂዎቹ ሽፍቶቹን ያባርራሉ፤ ከታጣቂዎቹም የሚሞቱ አሉ። ሽሮዬን ገፋ አድርጌ እስከ መጨረሻው አየሁት። ከዚህ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሜዳውን ያነጣዋል። መንደራችን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ገብሱ ሊደርስ ሲል በየዓመቱ የዝንጀሮ ጠባቂ ይቀጥር ነበር። ጠባቂው አያ ፈንታው ይባላሉ፤ ከሰቆጣ በኩል የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ሰው። አሮጌ ምንሽር ነበራቸው፤ ጥይት ግን አይገኝምና ዝንጀሮውን የሚያባርሩት ባብዛኛው በወንጭፍና በጩኸት ነው።

በዚያ ዓመት ሳል ጠናባቸው። “ብሞት ማን ያነሳኛል?” ይሉኝ ጀመር። በእኛ አገር ሟችን የሚያነሳው፣ መቃብር የሚቆፍረው ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። አያ ፈንታው አባል አልነበሩም። ሁለት ጊዜ ጠይቀው፣ የቅሬው ዳኛ አያ ሲሳይ ሁለቱንም ጊዜ፣ “ከአዝመራ ጋር መጥቶ ከአዝመራ ጋር የሚሄድ ሰው እንዴት ቅሬ ይገባል?” ብለው መለሷቸው።

አንድ የገበያ ቀን፣ ሸቀጡ ከተሸጠ በኋላ፣ የመንደራችን ሰዎች ተሰብስበን ላሊበላ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባን። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የባቄላ ቆሎና የጋቢ ሽታ ይሸታል። እንግሊዝኛ ያውቃል ተብዬ እንዳስተረጉም ከፊት አስቀመጡኝ። አያ ፈንታው አጠገቤ፣ አያ ሲሳይ ከእኛ ጀርባ ነበሩ።

“ሽማግሌ ሳይልኩ እንዴት ተኩስ ይጀምራሉ?” አለ አንድ ገበሬ ከኋላ።

“አያ ፈንታው፣ ባልደረቦችህ እኮ ናቸው!” አለ ሌላው። “እነሱ ብቻ ጥይት አላቸው።”

“የእነሱ ሥራ ቀላል ነው” አሉ አያ ፈንታው። “ሽፍታ ሲተኮስበት ይሸሻል። ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ ያይሃል።”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኋላ ግን ገበሬዎቹ የሞቱትን ታጣቂዎች በራሳቸው መንደር ሲቀብሩ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። አያ ፈንታው ክንዴን ጨበጥ አደረጉ።

“ምን አሉ?”

እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አልነበረም። “‘የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ቅሬያችን ይቀብራቸዋል’ አሉ” አልኩ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ስንወጣ አያ ሲሳይ ጠሩኝ። “ና እስቲ አንተ ልጅ። እውነት እንዲያ አሉ?”

“አዎ፣ አያ ሲሳይ።”

ትክ ብለው አዩኝ። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ፤ አያ ፈንታው አባል ሆኑ። በቀጣዩ ቀብር ከሁሉ ቀድመው ዶማቸውን ይዘው የደረሱት እሳቸው ነበሩ፣ እየሳሉ።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ ወዲህ ያልተባለ ቃል በሰው አፍ አላስገባሁም። ለዚህኛው ግን ማስተካከያ አውጥቼ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ሆቴሉ ውስጥ በደንብ አዳመጥኩ። በቀብሩ ላይ የሚናገር ሰው የለም። የሚሰማው ነፋስና ሙዚቃ ነው።

እሑድ ወደ መንደሩ ወጣሁ። አያ ሲሳይ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቁ።

“ያን ጊዜ ዓይኔ ደህና ነበር” አሉ። “የማንም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አላየሁም።”

“ታዲያ አንቱ ለምን ጠየቁኝ?”

“ለፈንታው እስከምን ድረስ እንደምትቆም ልይ ብዬ።”

አያ ፈንታው ከዚያ በኋላ ስድስት አዝመራ ጠብቀዋል። ያረፉት ሰኔ ላይ ነው፤ ዝናብ ነበር። ሁለት የቅሬውን ሰዎች ለየብቻ ጠየቅሁ፤ የነገሩኝ አንድ ነው። አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ አያ ሲሳይ ነበሩ።