አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ሕዝብ

ስለ ፊንላንድ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከመጻሕፍት ነው። የዶክትሬት ጥናቴ በሰሜን አውሮፓ ታሪክ ላይ ቢሆንም አገሪቱን ረግጬ አላውቅም፤ ቪዛ ጠይቄ ተከልክያለሁ። አቡ ዳቢ ውስጥ ግን በፊንላንድ የትምህርት ዘዴ የሚያስተምር አንድ የግል ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት ቀጠረኝ። ረዳት መምህር ማለት የልጆችን ቦርሳ የሚያንጠለጥል፣ ኮዳቸውን ውሃ የሚሞላ፣ መምህሩ ሲናገር ከኋላ የሚቆም ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህሩ ወደ አገሩ ተመለሰና ቦታው ክፍት ሆነ። ቦታው ለእኔ ይገባ ነበር። በግቢው ውስጥ ታሪክን በዩኒቨርሲቲ የተማርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። በዕድሜ ከእኔ የምታንሰው ፊንላንዳዊት ርእሰ መምህርት፣ የአገሯ የነጻነት ቀን ሲቃረብ፣ ስለ ፊንላንድ ለወላጆች አጠቃላይ ገለጻ እንዳደርግ ጠየቀችኝ። ለቦታው የምፈተነው በዚህ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከአል ሻምኻና ከባኒያስ ሰፈሮች የመጡ ወላጆች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ፊንላንድ ለስድስት መቶ ዓመታት ያህል የስዊድን ግዛት እንደነበረች፣ ቀጥሎም ለአንድ ምዕተ ዓመት በሩሲያ ዛር ሥር እንዳደረች፣ ሴቶቿ አገራቸው ነጻ ሳትወጣ በፊት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳገኙ ነገርኳቸው። ነጻነቷን ባወጀች በወራት ውስጥ ሕዝቧ ቀይና ነጭ ተብሎ እርስ በርሱ ተዋጋ። እነዚህን ሁለት ቀለሞች ስጠራ ድምፄን ማስተካከል ነበረብኝ፤ ለእኔ ትውልድ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። ከተሸነፉት ብዙዎቹ በእስር ካምፕ በረሃብና በበሽታ ሞቱ። የሟቾቹም ልጆች ሐዘናቸውን ለረጅም ዘመን በቤታቸው ውስጥ ብቻ ያዙት።

ከዚያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተደረጉትን ጦርነቶች አነሣሁ። አገሪቱ ምሥራቃዊ ግዛቷን አጣች፤ የዚያ ምድር ነዋሪ ግን በስደተኛ መጠለያ አልቀረም፤ በቀረው አገር መሬት ተቆርሶ ተሰጠው። ይህን ስናገር ስለ አገሬ ተፈናቃዮች ያሰብኩትን ለራሴ ያዝኩት። የድሃም የሀብታምም ልጅ በትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ምሳ በነጻ እንደሚበላ፣ መምህር እንደሚከበር፣ ሰው ከአለቃው ጋር ሳውና በሚባለው የእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ጨመርኩ።

አንድ አባት እጁን አነሣ። «ሚኒስትሩም ሹፌሩም ራቁታቸውን?»

«ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ነው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ገለጻዬን የዘጋሁት በጠባያቸው ነበር። ፊንላንዳዊ የማያስበውን አይናገርም፤ አዎ ሲል አዎ ማለቱ ነው፣ አይ ሲልም አይ ማለቱ ነው፤ ዝምታውም ኩርፊያ አይደለም አልኩ። ርእሰ መምህርቷ ከፊት ወንበር ላይ ሆና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ወላጆቹ ከወጡ በኋላ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። «የታሪክ መምህርነቱን ላንቺ ልሰጥ አስቤያለሁ። ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ እኔ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም፤ ከእኔ የተሻሉ ይኖራሉ» አልኩ።

«በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች።

ባደግሁበት ቤት ሲሰጡት እጁን ወዲያው የሚዘረጋ ሰው ስድ ይባላል። መጀመሪያ መግደርደር አለ፤ ከዚያ ሰጪው «በሞቴ» ይላል፤ ተቀባይም እያቅማማ ይቀበላል። ስለዚህ «በሞቴ» እስክትለኝ ጠበቅሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ ቦታው ለጂኦግራፊ መምህሩ እንደተሰጠ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነገረ። ከሌሎቹ ጋር አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ አል ዓይን ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነርስ ናት፤ አል ሂሊ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቪላ ጓሮ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«አንዴ ብቻ ጠይቃሽ ዝም?»

«አንዴ።»

«ወይ ጉድ! እኛ ለአንድ ጉርሻ እንኳ ስንት ጊዜ እንባባላለን! ትንሽ አትለምንም እንዴ?»

«አትለምንም። ለወላጆቹ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።»

«እንግዲህ ዶክተርዬ፣ ራስሽ አስተምረሽ ራስሽ ወደቅሽ!» ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች። «ሰኞ ሂጂና እፈልጋለሁ በያት። ኸላስ፣ በቃ።»

«በገዛ አፌ?»

«በማን አፍ ልትይ ኖሯል?»

ሰኞ የርእሰ መምህርቷን በር አንኳኳሁ። ቦታውን እፈልገው እንደነበር፣ የመለስኩላት ለትሕትና እንደሆነ ነገርኳት።

«አይ ብለሽኝ ነበር» አለች። «ትሕትና መሆኑን በምን ማወቅ እችላለሁ?»

በጥያቄዋ ውስጥ ምፀት አልነበረም፤ መልሱን ማወቅ ፈልጋ ነበር። ከስድስት መቶ ዓመት የስዊድን አገዛዝ እስከ ሳውና የተነተንኩ ሴት ስለ እኛ ጠባይ ግን አንድም ቃል ነግሬያት አላውቅም ነበር።

«ለጂኦግራፊ መምህሩ ቃል ሰጥቻለሁ፤ አልመልሰውም» አለች። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ፈለገች። «አል ዓይን ባለው ቅርንጫፋችን ለትንንሾቹ ክፍሎች ታሪክ የሚያስተምር ሰው ያስፈልገናል። ግማሽ ቀን ታስተምሪያለሽ፤ በቀረው ሰዓት እዚያው ረዳት ትሆኛለሽ። ደመወዝሽ አይጨምርም። ትፈልጊያለሽ?»

ከሚገባኝ በታች ነበር። ይህንንም ሁለታችን እናውቅ ነበር።

«እፈልጋለሁ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ፣ ሳልለመን እጄን ወደ ገበታ የሰደድኩ ያህል ፊቴ ጋለ። እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችው። በሩ አጠገብ ደርሼ ጥቂት ቆምኩ፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ትጠይቀኝ እንደሆነ። አልጠየቀችኝም፤ ወደ ሌላ ሥራዋ ዞራ ነበር።