የሰባቱ ጉድጓዶች ጠርሙስ

እማማ ጠርሙስ ይሏቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸውና፣ ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ጥበቃ እንኳ እውነተኛ ስማቸውን ረስቶታል።

ማጠቢያ ክፍላቸው ምድር ቤት ነው፤ ሁለት ሰፋፊ ገንዳ፣ አንድ ጠባብ መስኮት፣ አንድ በርጩማ። ከበላያቸው አራት ፎቅ ሙሉ ሳይንስ አለ። እሳቸው ግን ሳይንስን የሚያውቁት በትራፊው ነው። የኬሚስትሪ ሰዎች ጠርሙሳቸው ላይ ቀለም ይተዋሉ። የባዮሎጂዎቹ ሽታ ይተዋሉ፤ አንዳንዱማ አፍንጫ ተይዞ ነው የሚታጠበው። የጂኦሎጂዎቹ ደግሞ ድንጋይ አሟሙተው ሲያበቁ ምንም የማይታይ ነገር ይተዋሉ።

«እኔ የማይታየውን ነው የምፈራው» ይላሉ እማማ። ስለዚህ የጂኦሎጂ ጠርሙስ ከሳሙናው በኋላ አንድ ቀን ሙሉ አሲድ ውስጥ ካልተነከረ ለማንም አይሰጥም።

አንድ ሐሙስ ግን ተሰጠ። ረቡዕ ልጃቸው ምጥ ይዟት ሲደወልላቸው፣ የጂኦሎጂዎቹን ጠርሙሶች በሳሙና ብቻ አጥበው መደርደሪያ ላይ ደፍተው በረሩ። በማግስቱ ጠዋት፣ በሰባት መንደር ያሉ ሰባት ጉድጓዶችን ውሃ የምትመረምረው ተማሪ «እማማዬ ቶሎ በሉ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው!» ብላ አጣደፈቻቸው። እጃቸው የገባውን አነሡና ሰጧት።

ወር ሳይሞላ ተማሪዋ ልጅ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

«እማማ፣ አገኘሁ! ውሃው ውስጥ እርሳስ አለ፤ መርዛማው ብረት!»

«በየትኛው ጉድጓድ?»

«በሰባቱም! መጠኑም እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። ሰኞ ጉድጓዶቹ እንዲታሸጉ ሪፖርቱ ይገባል።»

እማማ እጃቸውን ከገንዳው አወጡ። እርስ በርስ የማይተያዩ ሰባት ጉድጓዶች እንዴት እኩል ይሆናሉ? ያን ጊዜ መደርደሪያው፣ በሳሙና ብቻ ካጠቧቸው የጂኦሎጂ ጠርሙሶች ጋር፣ ፊታቸው ላይ ድቅን አለ።

ለጡረታ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። ያያቸው የለም፣ የሚጠይቃቸውም የለም። ማታ የልጃቸውን ሕፃን ገላ ሊያጥቡ ውሃ ሲያሞቁ ግን ጉድጓዶቹ ትዝ አሏቸው። ዝም ካሉ ሰባት መንደር ውሃ ይዘጋበታል።

ጠዋት አራቱን ፎቅ ወጡ።

«እማማ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አለ የቤተ ሙከራው ኃላፊ። ልጅቷም ወረቀቷን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ዶክተር፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» አሉና አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?»

«ለራሴም አልነገርኩትም ልጄ። ምንም አይል ብዬ አለፍኩት።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ ነው የሚቀመጠው። በእጅዎ ይጻፉልኝ።»

እስክሪብቶ ያልለመደ እጃቸው ገጹን እስኪሞላ ጻፉ፣ ፈረሙ። ማስጠንቀቂያ ፋይላቸው ውስጥ ገባ። ሪፖርቱ ቀረ፤ ልጅቷ ውሃውን እንደገና ልትቀዳ ሄደች። አዲሶቹን ጠርሙሶች ስትወስድም ሆነ ስትመልስ ቀና ብላ አላየቻቸውም። እማማ አልተቀየሟትም። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ ለጥበቃው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። በዚህኛው ጊዜ አልሮጠችም።

«አምስቱ ንጹሕ ናቸው።»

«ተመስገን!»

«ሁለቱ ግን እውነት ነው እማማ። እርሳስ አለባቸው፤ የጠርሙሱ በዝቶ ነው ልዩነቱ ያልታየው።»

እማማ በርጩማቸው ላይ ዝግ ብለው ተቀመጡ። ከጓንታቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

«እነዚያ የሁለቱ መንደር ሰዎች ታዲያ ዛሬ ከየት ይጠጣሉ?»

ልጅቷ ወረቀቷን አገላበጠች። በየትኛውም ገጽ ላይ ይህ አልተጻፈም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለውሃ ጽሕፈት ቤት ደወለች፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲመራት፣ እማማ ጓንታቸውን አውልቀው አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ውሃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና እንዳላቸው ጠይቂያቸው» አሉ በሹክሹክታ።