ጋዜጣው ያየው ሰው

ማንበብ የሚያውቅ ሰው መቱ ገበያ ላይ ምን ያህል እንደሚከበር እኔን ጠይቁኝ። የተከበርኩት እኔ ነበርኩ! ጎሬ ጉምሩክ ጸሐፊ የነበረው አባቴ ፊደል አስቆጥሮኛል። ጣሊያን በባለሱቁ ግድግዳ ላይ የአማርኛ ጋዜጣ ማስለጠፍ ሲጀምር የሴቶቹ አንባቢ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሻጮቹ ይከቡኛል። «ያ ኢንተላ፣ ማል ጄዳ?» ይሉኛል፤ አንቺ ልጅ፣ ምን ይላል? እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ያገሩ ሹም እንደሆንኩ ሁሉ፣ አነብላቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ይኸው መጻፍም ቀንቶኛል። ነገሩ እስካሁን ባይገባኝም እጽፈዋለሁ።

በእኛ ዘንድ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «አይተህ ነው ሰምተህ?» ተብሎ ነው። አይቼ ያለ ይቀመጣል፣ ውሃ ይቀርብለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል። ሰምቼ ያለ እንደቆመ ተናግሮ መንገዱን ይቀጥላል።

አባቴ ከመስቀል በኋላ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ከገቡት ጋር ሄደ። የገና በዓል ሲቃረብ አንድ ወጣት ነጋዴ ከቡሬ መጣና ሞቷል አለን።

«አይተህ ነው ሰምተህ?» አለችው እናቴ።

«ሰምቼ ነው፣ እትዬ» አለ መሬት መሬት እያየ።

የሰሚ ወሬ ነውና እናቴ አላለቀሰችም። ግን የሐዘን ነጠላዋን የምትነክርበትን ጥቁር ቀለም በማሰሮ በጥብጣ ጓሮ አኖረችው። «ያየ ሰው እስኪመጣ ይቀመጥ» አለች።

በጥር ጋዜጣው ላይ ፎቶግራፍ ወጣ። ጠመንጃቸውን እግራቸው ሥር ያስቀመጡ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ከሥሩ የኢሉባቦር ሽፍቶች እጃቸውን ሰጥተው ገቡ፣ ምሕረትም አገኙ ይላል። ሳነበው እናቴ ከኋላዬ ነበረች።

«ያ! ያ ከዳር ያለው! ቀኝ ትከሻው ዘመም ያለው!»

ፊቱ በማተሚያው ቀለም ጨልሟል። ትከሻው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ የአባቴን ትከሻ ይመስላል።

«ጋዜጣው አይቶ ነው ሰምቶ?» አለች አንዷ ቡና ሻጭ።

«አይቶ ነዋ!» አለች እናቴ። «ካላየው እንዴት አድርጎ ያነሳዋል?»

እልል ተባለ። ያው ጋዜጣ ባለፈው ሳምንት አገሩ ሁሉ ጠግቦ እያደረ ነው ሲል ሆዳችንን ይዘን ስቀንበት ነበር። ሥዕል ሲያመጣ ግን አመንነው። ቡና ሻጯ እልልታዋን ሳትጨርስ «ለካ እሱም ገባ?» ብላ እናቴን አየቻት።

«ይግባ» አለች እናቴ። «በሕይወቱ ይግባ እንጂ።»

እኔ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር አላወቅኩም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣች ቁጥር ግድግዳው ዘንድ ሄዳ ያንን ትከሻ ትመርቀዋለች።

ጥቂት ቆይቶ ጨው ልገዛ ሄድኩ። ድሮ አሞሌ በእጅ ተይዞ ይመጣ ነበር። የጣሊያን ጨው ዱቄት ስለሆነ ባለሱቁ በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀልለዋል። «ቢዋሽም ጨው አያፈስም» እያለ ይስቃል። ቤት ገብቼ ስፈታው ያው ፎቶግራፍ! ያው ሰልፍ፣ ያው ትከሻ። ከሥሩ ግን በሸዋ የገቡ ሰዎች ናቸው ይላል። የታተመው በሐምሌ ነው። በሐምሌ አባቴ እዚሁ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ «ሣር አቀብዪኝ» እያለ ይጮህብኝ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ያዝኩት! የጣሊያንን ጋዜጣ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት! ጎመን ለምትቀነጥሰው እናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምን እያነበብኩ እንደሆነ የገባኝ መሃል ላይ ስደርስ ነው።

«ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

«ሐምሌ?»

«ሐምሌ።»

«ታዲያ የማንን ባል ነው እስከዛሬ ስመርቅ የከረምኩት?» ብላ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። «እንግዲያው አባትሽ አልገባም።»

«አልገባም።»

«ስለዚህ ወይ ጫካ ነው፣ ወይ...» ጎመኑን አስቀመጠችው። «የቡሬው ልጅስ ከማን ነው የሰማው?»

«ከጋዜጣ ቢሆንስ?» አልኩ።

«ማን አንብቦለት?»

እንደኔ ያለች አንዲት ልጅ ቡሬ ግድግዳ ሥር ቆማ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ታየችኝ።

ቅዳሜ ለሴቶቹ እውነቱን ነገርኳቸው። ሥዕሉ አሮጌ ነው፣ ሰውየው አባቴ አይደለም አልኳቸው። ቡና ሻጯ «አልገባማ!» ብላ እልል አለች፤ የፊተኛውን እልልታ የሚመስል። እናቴ ፈገግ አለች፣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። የትኛው እልልታ የደስታ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ማሰሮው አሁንም ጓሮ ነው። ቀለሙ አልተደፋም፣ ነጠላም አልተነከረበትም። ሲያካፋ ሮጣ የምትከድነው እናቴ ናት። ለምን እንደምትከድነው ብጠይቃት፣ «እኔ እንጃ» ትለኛለች።