በክላራ እንግሊዝኛ የቀናሁ ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ ውጭ አገር ቬስትሊ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ቅናት ያንገበገበኝ በልብስ ወይም በብስክሌት አይደለም፤ በአንዲት ጀርመናዊት ልጅ እንግሊዝኛ ነው። ክላራ ትባላለች። አምስተኛ ክፍል እያለን ከነቤተሰቧ ከጀርመን መጣች። እንግሊዝኛ ስትናገር አጀማመሯ ሁሉ እንደ አገሯ ሰው ያለ መግቢያ ድንገት ነበርና አስተማሪያችን በየክፍለ ጊዜው አጠገቧ ቁጭ ብላ ታለማምዳት ነበር። መጀመሪያ «ዌል» በይ፣ ትንሽ ተንፍሺ፣ ከዚያ ወደ ነገርሽ ግቢ ትላታለች። የአስተማሪዋ የሎሚ ከረሜላ ሽታ እኔ ዘንድ ይደርሳል፣ እሷ ግን አትመጣም። እኔንስ ማን ያስተምረኝ? እቤት ገብቼ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ መስታወት ፊት «ዌል» እላለሁ፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ማስነጠስ ይመስላል።

በዚያው ሰሞን ወላጆች ትምህርት ቤት ሊጋበዙ ሆነና፣ በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል አንድ ልጅ ይመረጣል ተባለ። እማዬ ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር ቢሮ ታጸዳ ነበር። ገና ሳልመረጥ «ቫክቴን፣ የሥራ ተራዬን፣ ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ፤ ልጄ ስትናገርማ ቁጭ ብዬ መስማት አለብኝ» ብላ የበዓል ጫማዋን ወለወለች። ጉድ ፈላ! ያንን ንግግር ለክላራ ከምለቅ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ለሙከራው ለእያንዳንዳችን አንድ ደቂቃ ተሰጠን። አባዬ ደግሞ ሰው ፊት ስትቆሚ በቅጡ ሰላም ሳትዪ ወደ ነገር አትግቢ እያለ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ ሰላም አልኩ። ደህና ናችሁ ወይ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ልጆችስ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ብርዱን እንዴት ቻላችሁት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ፣ አንድም ሳላስቀር። የአስተማሪዋን ጉንፋን እንኳ ጠየቅኩ። ወደ ንግግሩ ልገባ ስል ደቂቃው አለቀ። ተማሪው ሁሉ አውካካ። ክላራ ተነሳች፣ «ዌል» አለች፣ በመምጣታችሁ ደስ ብሎናል ብላ ቀጠለች፣ ተመረጠች።

እማዬ ግን ቫክቱን አንዴ ቀይራለችና መጣች። ክላራ ንግግሯን ስትጨርስ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው እሷ ናት። «ውይ ስታምር! ምን ዓይነት አንደበት ነው የሰጣት!» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። ክፋት አልነበረባትም፣ የሰውም ልጅ ሲጎብዝ ደስ ይላታል። እኔ ግን ለእንግዶቹ የተጋገረውን ዋፍል የሚሉትን ትኩስ ቂጣ ሳልነካ ኮቴን ለበስኩ።

ዛሬ ሴንትሩም፣ መሃል ከተማው ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስብሰባ እመራለሁ። ማንም አያጨበጭብም፤ እማዬም ስብሰባዬ ላይ አትመጣም፣ ስናገር ሰምታኝ አታውቅም። ባለፈው እሑድ እሷ ቤት ተቀምጠን፣ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ በእንግሊዝኛ ትንጣጣ ጀመር። ማን እንዳስተማራት እንጃ። እማዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። «ነይ እስቲ የኔ ወለላ፣ ለእኔም ተናገሪልኝ» ብላ ጉያዋ ውስጥ አስገባቻት። «ያ፣ እሺ አያቴ» አለችና እንግሊዝኛውን ለቀቀችው። እማዬ አንድም ቃል ሳይገባት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እናት ነኝ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀናሁ። በገዛ ልጄ ቀናሁ። እማዬ፣ እኔም ልናገርልሽ ልላት ፈልጌ፣ በዚህ ዕድሜዬ አፍሬ ተውኩት።