ያልመጣው ሰው አማና

እኛ በተማርንባቸው መጻሕፍት ውስጥ ታላላቅ ሰዎች ሁልጊዜ ፈረስ ላይ ነበሩ። ፈረስ ላይ ካልሆኑም እጃቸውን ወደ ሩቅ ተራራ ዘርግተው ይቆማሉ። መምህራችን ሥዕሉን በአርጩሜው ጫፍ እያመለከቱ «እነሆ ጀግና!» ይሉን ነበር፤ እኛም አፋችንን ከፍተን እናይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲያ አፌን ከፍቼ ያየሁት ሰው አንድ ብቻ ነው። ፈረስ ላይ ግን አላየኋቸውም። አዳማ ገበያ ዳር፣ ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለች የልብስ ስፌት ቤት፣ ከሲንጀር መኪና ኋላ ነው ያየኋቸው።

እትዬ ኡሙሰልማ ይባላሉ። ትውልዳቸው ወሎ ነው። ባላቸው ኑሬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና በልጅነታቸው ተከትለውት መጥተው አዳማ ቀሩ። አማርኛቸው እስከ ዛሬ ወሎ ወሎ ይላል፤ ኦሮምኛቸው ግን ኑሬ ስንዴ ከሚጭንላቸው ከአርሲ ነገሌ ገበሬዎች የተገኘ ነው። የደንበኛ ወገብ ሲለኩ ሜትሩን አያነቡም። በጣታቸው ይዳስሱና «ዘንድሮስ ከስተዋል፣ ምን ነክቶዎት ነው?» ይላሉ።

ፓርቲያችን የተመሠረተው እዚያች ቤት ውስጥ ነው። ትንሽ ፓርቲ ናት፤ ስሟን ብጽፈው ከአዳማ አልፎ የሚያውቃት ጥቂት ነው። አዳራሽ የሚያከራየን አጥተን ስንንከራተት «እዚሁ ግቡ፤ እኔ እየሰፋሁ እሰማለሁ» ብለው ያስገቡን እሳቸው ናቸው። ሊቀመንበር አድርገን ኦቦ ጫምሳን መረጥን። አዳሚ ቱሉ አካባቢ ለገበሬ ስለ ሽንኩርትና ስለ መስኖ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው ያለ ድምፅ ማጉያ አዳራሽ የሚሞላ ሰው ናቸው። እኔ ጡረተኛ መምህር ስለሆንኩና ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁ።

ኦቦ ጫምሳ ሰባት ዓመት ከመሩ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉ።

«አባቶቻችን በገዳ ሥርዓት ስምንት ዓመት ይመራሉ። ስምንት ሲሞላ የሥልጣኑን ምልክት፣ የሰጎኑን ላባ፣ ባሊውን ለተተኪው ያስረክባሉ። ዘጠነኛ ዓመት የሚባል ነገር የለም! እኔም በሚመጣው ጥቅምት ስምንት ይሞላኛል፤ እወርዳለሁ።»

ጭብጨባው ሳያባራ የፓርቲውን ክብ ማኅተም ከኪሳቸው አወጡ። መቼም በአገራችን ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ተራ ወረቀት ነው።

«ሰው ራሱን አያምንም» አሉ። «ኡሙሰልማ፣ እህቴ፣ ነይማ። ይህን ያዢልኝ። እስከ ጥቅምት ደብዳቤ ስልክልሽ ታትሚልኛለሽ። ከጥቅምት በኋላ ግን ለሚተካኝ ሰው እንጂ ለእኔ እንዳትሰጪ። ተንበርክኬ ብለምንሽ እንኳ!»

ጉባኤው በሳቅ ተንጫጫ። እትዬ ኡሙሰልማ አልሳቁም።

«አማና ነው? አደራ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አማና ነው።»

«እንግዲያው እሺ» አሉና በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እቤታቸው ሲገቡ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አኖሩት።

አደራ ለእሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ኮት ሊያሳጥር ሰጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ልጁ «አባቴ ሲሞት ነገረኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ኮቱ እጅጌው አጥሮ፣ ተተኩሶ፣ ብል ሳያገኘው መስቀያው ላይ ቆየው። ልጁ ኮቱን አቅፎ ደጃፉ ላይ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

ጥቅምት መጣ፤ ኦቦ ጫምሳ አልወረዱም። ጉባኤው «ለዝግጅት» ተብሎ ወደ ታኅሣሥ ተዛወረ፤ ከታኅሣሥም ወደ ሚያዝያ። «ምርጫ ደርሷል፣ ቤት እየተቃጠለ አባወራ አይቀየርም» አሉን። እውነቱን ልናገር፤ ስጽፈው ለእኔም አሳማኝ መስሎኝ ነበር። እትዬ ኡሙሰልማ ግን ከዚያ ጥቅምት ጀምሮ የተላከላቸውን ደብዳቤ ሁሉ ሳያትሙ መመለስ ጀመሩ። «አዲሱ ሊቀመንበር ሲመረጥ አትማለሁ» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

ይህ ለእሳቸው እንዴት ያለ ነገር እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል። ኑሬ አርሲ ነገሌ አቅራቢያ መኪናው ተገልብጦ የሞተው መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ሰሞን ነበር። አስከሬኑን ማን ያምጣው? ሾፌሩ ሁሉ ፈራ። ኦቦ ጫምሳ ፒክአፕ ለምነው፣ በየኬላው እየወረዱ እየተማጸኑ፣ በሁለተኛው ቀን ኑሬን አዳማ አገቡት። ሃይማኖታቸው ሌላ ሆኖ ሳለ አካፋ ይዘው ከወንዶቹ ጋር መቃብሩን ቆፈሩ። ከቀብር መልስ ውኃ ያስታጠቧቸው እትዬ ኡሙሰልማ ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ሚያዝያም አልፎ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያዞረ ፊት ላይ በሚረጭበት ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌ መጣ። ሱሪ ላሳጥር ሄጄ እዚያው ነበርኩ። የገቡት ሁለት ናቸው፤ የእህል ነጋዴው ሐጂ ጃዕፈርና ከአርሲ የመጡት ኦቦ ኢተፋ። ኦቦ ጫምሳ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠው ወደ ደጃፉ እያዩ ይጠብቃሉ።

መቼም ሊለምን የገባ ሽማግሌ አይቀመጥም። እሺ ሲባል ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ሽማግሌ ሲቀመጥ ካየ ነገሩ አልቋል፤ ሌላ መልእክተኛ አያስፈልገውም።

«ይቀመጡ ሐጂ።»

«አንቀመጥም።»

«ኦቦ ኢተፋ፣ አካም ጂርቱ? ይቀመጡ እንጂ።»

«ፈያ፣ ፈያ። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም። ለምን እንደመጣን ታውቂያለሽ።»

እትዬ ኡሙሰልማ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። መኪናው ጸጥ አለ። መነጽራቸውን አወለቁና ተነሡ።

«እናንተ ቆማችሁ እኔ ብቀመጥ ነውር ነው» አሉና ግድግዳውን ሳይደገፉ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። እኔም አንዱ የሱሪዬ እግር አጥሮ ሌላው ረዝሞ እንዳለ ቆምኩ።

«ሰውየው ውለታ ውለውልሻል» አሉ ሐጂ ጃዕፈር።

«ውለውልኛል።»

«ያለ ማኅተም ፓርቲው ሊፈርስ ነው።»

«አላህ አያፍርሰው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ጊዜው ሄደ። በደጅ ባጃጅ ይጮኻል፤ የጋሪ ፈረስ አንገቱን ሲነቀንቅ ቃጭሉ ይሰማል። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት አናታችን ላይ ወረደ። ኦቦ ኢተፋ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ሐጂ ጃዕፈር ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«አንቺ ሴት፣ ጉልበትሽ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ሠላሳ ዓመት መርገጫ ረግጬ ነዋ ሐጂ!»

«እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የነገድኩት» አሉ ሐጂ።

ኦቦ ኢተፋ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ያ ዋቃ! ገና ስንገባ ተሸንፈናላ!»

እትዬ ኡሙሰልማም ፈገግ አሉ፤ ግን አልተቀመጡም። ሐጂ ጃዕፈር ላባቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከቤታቸው ሲነሡ ያሰቡትን ትልቁን ነገር እንዳመጡት ገባኝ።

«ስሚኝ ልጄ። ሃይማኖትሽን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በሃይማኖትሽ ልጠይቅሽ። አማና የሰጠ ሰው ‹መልሺልኝ› ካለ መመለስ ነው። የሰጡሽ ጫምሳ ናቸው። ዛሬ መልሺ አሉ። የሰው ንብረት በምን ሥልጣንሽ ትከለክያለሽ?»

እኔ በልቤ «አለቀ» አልኩ። ለዚህ ምን መልስ ይገኛል? ከመስጊዱ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ሁላችንም እስኪያልቅ ጠበቅን። አዛኑ ሲያበቃ እትዬ ኡሙሰልማ ተናገሩ። ድምፃቸው የሱሪ ርዝመት ከሚጠይቁበት ድምፅ አይለይም ነበር።

«ማኅተሙ የኦቦ ጫምሳ ቢሆን ኖሮ ሐጂ፣ በተጠየቅሁበት ቀን በሩጫ አመጣላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሲሰጡኝ ‹ከጥቅምት በኋላ ለሚተካኝ ሰው እንጂ ለእኔ እንዳትሰጪ› ብለው ነው የሰጡኝ። ያ ሰው ገና አልመጣም። ስሙን አላውቀውም፤ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። አንድ ቀን መጥቶ ‹አማናዬስ?› ቢለኝ፣ ‹ባለቤቱን ስላላወቅሁት ለሌላ ሰጠሁት› ልበለው? ያልመጣ ሰው አማና ነው የያዝኩት ሐጂ። የመጣውማ ራሱ መጥቶ ይሟገታል። ላልመጣው ማን ይሟገትለታል?»

ሐጂ ጃዕፈር «ሱብሃነላህ» አሉና ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ይሁን ልባቸው የተሸነፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ኦቦ ኢተፋም ባልንጀራቸውን አይተው፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

ወዲያው ደጃፉ ጨለመ። ኦቦ ጫምሳ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ከማዶ አይተው፣ ሻያቸውን ጥለው፣ መንገዱን በሩጫ አቋርጠው መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«አውቄ ነበር! እህቴ እንደማታሳፍሪኝ አውቄ ነበር! ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ!» እያሉ የእትዬ ኡሙሰልማን ትከሻ ሳሙ። የሐጂንም ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ኦቦ ጫምሳ ቀና አሉ፤ አንዱን ፊት አይተው ወደ ሌላው ዞሩ። ያ የበራው ፊት ሲጠፋ ማየት ለጠላትም አይስጥ።

«እሺ ብዬ አይደለም የተቀመጡት ኦቦ ጫምሳ» አሉ እትዬ ኡሙሰልማ በቀስታ። «ኑሬን በእጅዎ ቀብረውልኛል። አፈሩን ከጥፍርዎ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አልረሳሁትም። የእኔ የሆነውን ይጠይቁኝ፤ ይችን መኪና እንኳ ቢሆን ዛሬውኑ ጋሪ ጠርተው ይጫኗት። ይሄ ግን የእኔ አይደለም።»

ከዚያ ያደረጉትን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረዱ፤ ከፈቱት። ማኅተሙን ከነጠላው ፈትተው በኦቦ ጫምሳ መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ደኅና መያዜን ይዩት» አሉ።

እጃቸውን መልሰው አጣመሩ። በሩ ክፍት ነው። ኦቦ ጫምሳ ወደ ኪሳቸው ቢከቱት የሚከለክላቸው ማንም አልነበረም። ያ አዳራሽ የሚሞላ ሰው ማኅተሙን አገላብጠው አዩት፤ በጎማው ላይ የተቀረጸውን የፓርቲያችንን ስም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ደጅ የነበረው የጋሪ ፈረስ ሲያንኮራፋ ሰማሁ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ማኅተሙን ቆርቆሮው ውስጥ መለሱና ነጠላውን ራሳቸው አለበሱት። ወጥተውም ሄዱ።

ወረዱ እንዳልላችሁ፣ አልወረዱም። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ማኅተም አስቀረጹ። ዛሬ አሥረኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ጉባኤው አሁንም ለዝግጅት ተላልፏል። እኔም አሁንም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ከአዲሱ ማኅተም ሥር እፈርማለሁ። እትዬ ኡሙሰልማ ግን በየወሩ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ይከፍታሉ። የአዳማ ሙቀት ጎማውን አድርቆ እንዳይሰነጥቀው በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉትና ያ ኮት ተሰቅሎበት ከነበረው መስቀያ ሥር ይመልሱታል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሱሪ ይዤ ሄድኩ። ሲለኩኝ አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ ያን ቀን በእጃቸው ሲሰጧቸው አልፈሩም? ይዘውት ቢሄዱስ?»

አፋቸው መርፌ ይዟል። አንድ በአንድ አውጥተው ሱሪዬ ላይ እስኪሰኩ ድረስ አልመለሱልኝም።

«ኑሬን የቀበሩ እጆች ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «እጃቸውስ ደኅና ነው፤ ያስቸገራቸው ወንበሩ ነው። በሉ መምህር፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ሱሪዎ ይዛነፋል።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።