ሱሉልታ ላይ አልነሳም ያለው መኪና

የሱሉልታን የኅዳር ውርጭ ያልቀመሰ ሹፌር ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። አንድ ማለዳ ሲሚንቶ የጫነ መኪናዬን ላስነሳ ቁልፉን ባዞር፣ ሞተሩ ትንሽ ይሳልና ዝም ይላል። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ጫንጮ ላይ ጭነቱን የሚጠብቁት ሰዎች በስልክ ያጣድፉኛል። ሰው ጠርተው እንዲያስገፉልኝ የመኪና ማቆሚያውን ዘበኛ ኦቦ ገመቹን ብፈልጋቸው የሉም። ብርዱ አሸንፏቸው ቤታቸው ገብተው ይሆናል አልኩ። ከንዴቴ ብዛት የናፍጣ ሞተር የሠራውን ሰው ሁሉ ረገምኩ።

አጠገባችን ሻይ የምትሸጠው አስቴር አየችኝና፣ «ወንድሜ፣ በከንቱ ባትሪህን አትጨርስ። ፍም ልስጥህና ከሥሩ አሙቀው፤ ሌሎቹም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» አለችኝ።

ፍሙን በአካፋ ይዤ መኪናው ሥር ሳጎነብስ፣ ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት አንድ አሮጌ ካፖርት ተዘርግቷል። ካፖርቱ ይተነፍሳል። ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ጆሯቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጎማውን ተንተርሰው ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ናቸው።

ያ ሞተር ገና በመጀመሪያው ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩና ሐሳቡን መጨረስ አቃተኝ። ስረግመው የነበረውን ሞተር በእጄ ዳበስኩት። ፈጣሪዬን አመስግኜ፣ ትከሻቸውን ቀስ ብዬ ነካሁ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ደህና ነዎት?»

በእንቅልፍ ልባቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አካፋውንና ፍሙን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ጨበጡ።

«ዴሚ፣ ሂድ ከዚህ። ባለቤቱ ሳይመጣ ይቺን መኪና ማንም አይነካትም» አሉኝ።