በአንድ ጣት የተጻፈ ማስታወቂያ

የሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ሠራተኛ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው፣ እርሳሳቸውን በፀጉራቸው ሰክተው ከስብሰባው ጠረጴዛ ጥግ፣ ከባልደረባቸው ከእኔ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዕለቱ ሆስፒታሉ ድረ ገጹን የሚያስተዳድርበትን አዲስ ሥርዓት የሚመርጥበት ነው። ሁለት ድርጅቶች ዓይን የሚማርኩ ገጾች አሳዩ። ሴትዮዋ ሁለቱንም የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሐኪሙ ድንገት ቢቀር፣ ማስታወቂያውን እኔው ራሴ መለወጥ እችላለሁ?»

«ይደውሉልን፤ በሁለት ቀን እናስተካክላለን።»

«በሁለት ቀንማ በሽተኛው ደጃችንን ስሞ ተመልሷል፣ የኔ ልጅ!»

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሳቁ። «እትዬ፣ እርስዎና ኮምፒውተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የተዋወቃችሁት?»

የሦስተኛው ድርጅት ጌጥ የሌለው ሥርዓት ሲቀርብ ሴትዮዋ ተነሥተው በሙከራው ገጽ ላይ፣ ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ፣ «የዓይን ክሊኒኩ ነገ ዝግ ነው» ብለው ጻፉ። ወደ ወንበራቸው ሳይመለሱ ጽሑፉ በሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ ወጣ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

እርሳቸው ግን ተመልሰው ተቀምጠው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ድሮ እናቴን ይዤ ወደዚህ ከሩቅ ስመጣ የጠበቀን የተዘጋ በር ነው፤ የነገረን ሰው አልነበረም» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወዲያው ቀና አሉና የምርጫውን ወረቀት ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፉት።

«እንግዲህ ይፈርሙ፣ ጌታዬ፤ ሰው መንገድ ሳይጀምር።»

ፈረሙ።